ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ እንጂ በራሳቸው ቃል አያስረዱም፤ ምን ላድርግ?

ለተከበሩ የምክር ዓምድ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረስዎ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ሦስት ክፍሎች አሉኝ፤ በእያንዳንዳቸው ከ60 የማያንሱ ተማሪዎች ይማራሉ። አብዛኞቹ የኮንዶሚኒየም ልጆች ሲሆኑ፣ በዙሪያው ካሉ የገበሬ ቤተሰቦች የሚመጡና ቤታቸው ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚናገሩም አሉ። ሳይንሱን በእንግሊዝኛ መማር የጀመሩት ዘንድሮ ነው።

ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ተረት ወይም አጭር ልብ ወለድ ስናነብ እጃቸውን ያወጣሉ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ይከራከራሉ፣ ታሪኩንም በራሳቸው አባባል መልሰው ይተርካሉ። ምንባቡ ስለ አፈር መሸርሸር ወይም ስለ ወባ የሚያስረዳ ሲሆን ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጮክ ብለው ሲያነቡ አይሳሳቱም፤ ‹‹ምን አነበባችሁ?›› ስላቸው ግን ከምንባቡ አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዘው መልሰው ያነቡልኛል። ገላጭ ድርሰት ጻፉ ስላቸውም ከምንባቡ ወይም ከወላጆቻቸው ስልክ ቃል በቃል ገልብጠው ያመጣሉ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ተማሪዬ ርእሱን ራሱ መርጦ ስለ እንጀራ ሦስት መስመር ጽፎ አመጣ። ‹‹እንጀራ የኢትዮጵያ ባህላዊ ምግብ ነው። እንጀራ በጣም ጠቃሚ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ባህላዊ ምግባችንን መጠበቅ አለብን›› ይላል። የዚህ ልጅ እናት እንጀራ ጋግራ ለሱቆች የምታከፋፍል ናት። በእረፍት ሰዓት ሳነጋግረው አብሲት ካልተጣለ እንጀራው ለምን እንደሚበላሽ እንደ ትልቅ ሰው አስረድቶኛል። ደብተሩ ላይ ግን ከዚህ አንዱም የለም።

የትምህርት ክፍላችን ተጠሪ እኔ ሳልወለድ ማስተማር የጀመሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው መምህር ናቸው። ‹‹ልጆቹ የሚመጣው ዓመት ከተማ አቀፍ ፈተና ይጠብቃቸዋል፤ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ድርሰት እያስጻፍሽ ጊዜ ከምትፈጂ የምርጫ ጥያቄ አለማምጃቸው›› ይሉኛል። ወላጆችም ደብተሩ ላይ ኖት ሲያጡ ‹‹ምን እየተማሩ ነው?›› ብለው ይጠይቁኛል። የሁሉንም ተማሪ ጽሑፍ አርሜ መመለስም አልቻልኩም። መምህርነቱ ለእኔ አልተፈጠረም እያልኩ፣ ባንክ ለመወዳደር ማስረጃዬን አዘጋጅቻለሁ። የድርሰቱን ነገር ትቼ ጋሼ እንዳሉት ላድርግ? ልቀጥል ብልስ እንዴት አድርጌ?

ታናሽ እህትዎ፣ መ. ከቱሉ ዲምቱ

ውድ እህቴ መ.፣

ታናሽ እህት ብለሽ ስለፈረምሽልኝ አንቺ እያልኩ ብመልስልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጆችሽ ምን ላይ እንደሚናገሩና ምን ላይ አፋቸው እንደሚዘጋ፣ ጮክ ብሎ ማንበብና የተነበበውን መረዳት እነሱ ዘንድ የት ላይ እንደሚለያዩ ነጥለሽ ጽፈሽልኛል። አንድ ልጅ በእረፍት ሰዓት የተናገረውን ደብተሩ ላይ ከጻፈው ጋር አስተያይተሽ ማዘንሽም ታይቶኛል። ለሙያው ያልተፈጠረች መምህርት ይህን ሁሉ የምታስተውል አይመስለኝም። ስለ ባንኩ በኋላ እመለስበታለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ልጆቹ ለምን እንደሚገለብጡ እንይ፤ ምክንያቱ ከታወቀ ምን ማድረግ እንደሚቻልም ይታያል።

ታሪክ ውስጥ የምንከተለው ሰው አለ። አንድ ነገር ይፈልጋል፣ እንቅፋት ይገጥመዋል፣ መጨረሻው ምን ይሆን እያልን እንሰማለን። ልጆችሽ ይህን ዓይነቱን አካሄድ ከእናት ከአያቶቻቸው አፍ ጀምሮ ያውቁታል፤ ማንም ሳያስተምራቸው ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። ስለ አፈር መሸርሸር የሚያስረዳ ምንባብ ውስጥ ግን የሚከተሉት ሰው የለም። ዓረፍተ ነገሩን ከዓረፍተ ነገር የሚያያይዘው የሐሳብ ዝምድና ነው፤ ይህ የዚያ ምክንያት ነው፣ ይህ ከዚያ በዚህ ይለያል፣ ይህ ካልቀደመ ያኛው አይከተልም የሚል። ዝምድናው ያልታየው አንባቢ በፊቱ ያለው የተደረደረ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ‹‹ምን አነበብክ?›› ሲባል ታዲያ ከተደረደረው አንዱን አንስቶ ከመስጠት ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? በዚያ ላይ 7ኛ ክፍል ሲገቡ የሚያስረዳ ጽሑፍ ከየትምህርቱ በአንድ ጊዜ ይከመርባቸዋል፤ ሳይንሱ ደግሞ በአዲስ ቋንቋ ሆኗል። ይህን ዓይነቱን ንባብ በቋንቋቸው ሊያስጨብጣቸው የሚችለው የአንቺ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ትተሽው ብትሄጂ የሚጎድላቸው የድርሰት ውጤት ብቻ አይሆንም።

አንቺ ያየሽውን ችግር ሌሎችም አይተውታል። አናማሪ ፓሊንሳርና አን ብራውን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሠሩት ልክ እንደ ልጆችሽ ካሉ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ጋር ነበር፤ ፊደል የሚቆጥሩ፣ ጮክ ብለው ሲያነቡ የማይደናቀፉ፣ ያነበቡትን ግን መረዳት ያቃታቸው። ያስተማሯቸው አራት ነገር ነው፤ ያነበቡትን አሳጥሮ መናገር፣ መምህር የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ራስ ማውጣት፣ ግልጽ ያልሆነውን ቦታ ለይቶ ማጥራት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ መገመት። መጀመሪያ መምህሩ እያሰበ ጮክ ብሎ ያሳያቸዋል፤ ቀስ በቀስ ልጆቹ በየተራ የመምህሩን ቦታ ይይዛሉ። ልጆቹ በግልጽ ተሻሽለዋል። ከዚህ ውስጥ ለአንቺ ትልቁ ነገር ልጆቹ በየተራ መምህር መሆናቸው ይመስለኛል። እኛ ዘንድ የተለመደው የአንድ ለአምስት ቡድን ለዚህ ይመቻል፤ ሆኖም የቡድን መሪው ብቻ እየሠራ ሌሎቹ የሚቀመጡበት ከሆነ ምንም አይጠቅምም። በየአንቀጹ ‹‹መምህር›› የሚሆነው ልጅ ይለዋወጥ። ዝም የሚሉት ልጆችሽ በ60 ሰው ፊት ያልደፈሩትን በአምስት ሰው ፊት ይደፍሩታል።

አሁን ወደዚያ ሦስት መስመር ልመለስ፤ ብዙ ነገር ያሳየኝ እሱ ነው። ልጁ ስለ እንጀራ የሚያውቀውን ደብቆ፣ ትምህርት ቤት የሚወደው የመሰለውን ጻፈ። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቺው፤ ‹‹ስለዚህ ሁላችንም… አለብን››። ከየክፍሉ ደብተር ብትሰበስቢ ይህ መዝጊያ ስለ ውኃም፣ ስለ ዛፍም፣ ስለ ትራፊክም በተጻፈው ሁሉ ላይ ይገኛል። ልጆቹ ድርሰት ማለት ሰውን መምከር ነው ብለው ያምናሉ፤ ሲጽፉም ሳያስረዱ በቀጥታ ወደ ምክሩ ይሄዳሉ። አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ወይም ለምን እንደሚሆን ገልጦ ማሳየት ራሱን የቻለ ሙሉ ጽሑፍ እንደሆነ የነገራቸው የለም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለአንድ መንፈቀ ዓመት ያህል አትጠቀሙበት ብትያቸው በእኔ እምነት ብዙ ነገር ይከፈታል።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ ያንን ሲጽፍ የሚያነብለት ማን ነው ብሎ ያሰበ ይመስልሻል? አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ እንጀራ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት ስለማይቻል፣ ልጁ የሚያስረዳው ነገር አልነበረውም። በእረፍት ሰዓት ግን ስለ አብሲት በእርግጥ አታውቂም ነበር፤ ጠየቅሽው፣ ነገረሽ። ስለዚህ ርእስ ስትሰጪ አንባቢውንም አብረሽ ስጪ። እንጀራ ከሱቅ እየተገዛ ከሚበላበት ቤት የመጣ፣ ሊጥ ሲቦካ አይቶ የማያውቅ የክፍል ጓደኛ አለው፤ ለእሱ ይጻፍለት።

በተግባር ሲታይ እንዲህ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ ልጁን ለብቻው አግኝተሽ ፈቃዱን ጠይቂው፤ የእናቱ ሥራ በክፍሉ ፊት እንዲነሳ ላይፈልግ ይችላልና፣ ካልፈለገ ሌላ ልጅና ሌላ ርእስ ፈልጊ። ከፈቀደ ወደ ጥቁር ሰሌዳው አውጪውና ክፍሉ እንዲጠይቀው አድርጊ፤ አንቺ መልሱን በአጭር በአጭሩ ጻፊ። ‹‹አብሲት ምንድን ነው?›› ይላል አንዱ። ‹‹ከቦካው ሊጥ ተቀንሶ በፈላ ውኃ የሚበስል ነው›› ይላል። ‹‹መቼ ነው የሚሠራው?›› ‹‹ሊጡ ቦክቶ ከላይ ያቀረረው ውኃ ከተቀዳ በኋላ።›› ‹‹ወዲያው ይጨመራል?›› ‹‹አይ፣ በረድ ማለት አለበት።›› ‹‹ባይጨመርስ?›› እዚህ ላይ ልጁ ለአንቺ በእረፍት ሰዓት የነገረሽን ይደግመዋል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ የተሰበሰበውን አብራችሁ ስትሰድሩት ከዚህ የሚቀራረብ አንቀጽ ይወጣል፤

‹‹አብሲት ከቦካ ሊጥ ላይ ጥቂት ተቀንሶ በፈላ ውኃ ውስጥ እየተማሰለ የሚበስል ነው። የሚዘጋጀው ሊጡ ቦክቶ ከላይ ያቀረረው ውኃ ከተቀዳ በኋላ ነው። አብሲቱ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለስና በደንብ ይዋሐዳል። አብሲቱ ሊጡን ስለሚያያይዘው ሊጡ እንደገና ኩፍ ይላል፤ በዚህም ምክንያት ምጣድ ላይ ሲፈስ ዓይን ያወጣል። አብሲት ካልተጣለ ግን እንጀራው ዓይን አይኖረውም፣ ሲጠቀለልም ይሰባበራል።››

ይህን አንቀጽ ከሦስቱ መስመሮች ጎን ጻፊውና ልጆቹ ልዩነቱን ራሳቸው ይናገሩ። ‹‹ኃይለ ቃሉ የትኛው ነው? አያያዥ ቃላቱን ለዩ›› የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ‹‹ገላጭ ድርሰት ማለት…›› የሚል ኖት አስገልብጠን፣ የድርሰት ዓይነቶችን አስቆጥረን፣ ከዚያ ጻፉ እንላለን፤ ልጆቹ ታዲያ መገልበጥን ከራሱ ከትምህርቱ ይማሩታል። ስሙ ነገሩን ካዩ በኋላ ቢሰጣቸው ይይዙታል። ‹‹በዚህም ምክንያት›› የምትለዋ አያያዥ ለምን እንዳስፈለገች አብሲቱን ለሚያውቀው ልጅ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ለርእስ ሩቅ አትሂጂ። ቱሉ ዲምቱና አካባቢዋ መልስ በሚፈልግ ጥያቄ የተሞሉ ናቸው። ውኃ ለምን በፈረቃ ይመጣል? ሲመጣስ ምድር ቤት ደርሶ 4ኛ ፎቅ የማይወጣው ለምንድን ነው? የምገባ እናቶች ለትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚበቃውን ቁርስና ምሳ በምን ቅደም ተከተል ያደርሳሉ? ከሰፈራችሁ የሚነሳው የአዳማ የፍጥነት መንገድ ባጃጅንና እግረኛን የማያስገባው ለምን ነው? ከገበሬ ቤት የሚመጡት ልጆች ደግሞ የጤፍ ማሳ ለምን ተደጋግሞ እንደሚታረስ ያውቃሉ፤ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ ልሞ ካልተቀበለው በደንብ አይበቅልም። በዚህ ርእስ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ልጅ ጠያቂ፣ የገበሬው ልጅ አዋቂ ይሆናል፤ በክፍልሽ ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን አይመስለኝም። ከመጻፋቸው በፊት አፋን ኦሮሞ የሚናገሩት ልጆች ጥንድ ጥንድ ሆነው በቋንቋቸው ይነጋገሩበት። አንቺ ቋንቋውን ባትችይም ሐሳቡ እነሱ ጋ ከተሰደረ በኋላ አማርኛውን መፈለግ ይቀላቸዋል። የሰፈራቸውን ጥያቄ ክፍል ውስጥ፣ በክፍለ ጊዜው ከጻፉት ስልኩ የሚሰጣቸው መልስ ስለሌለ የስልኩ ጉዳይ ብዙም አያሳስብሽ።

ንባቡን በተመለከተ ከአንድ አንቀጽ አትለፊ፤ ከርዝመቱ ይልቅ ጥልቀቱ ይጠቅማል። አንዱ አንቀጽ ከተነበበ በኋላ ‹‹ይህ አንቀጽ የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?›› ብለሽ ጠይቂ። ለምሳሌ የወባ ትንኝ እንቁላሏን በረጋ ውኃ ላይ እንደምትጥል የሚያስረዳ አንቀጽ ቢሆን፣ ጥያቄው ‹‹ክረምት ሲወጣ ወባ ለምን ይበዛል?›› ሊሆን ይችላል። ቡድኖቹ የተለያየ ጥያቄ ያመጣሉ፤ የትኛው ለአንቀጹ ሁሉ እንደሚበቃ፣ የትኛው ለአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ እንደሆነ ይከራከሩ። ተረት ላይ ያየሽው ክርክር እዚህም ይመጣል። የተስማሙበትን ጥያቄ ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ፣ መጽሐፉ ይዘጋል፣ ለጥያቄው መልስ ይጽፋሉ። መጽሐፉ ስለተዘጋ መገልበጥ አይቻልም። ደግሞም ልጁ እጁ የቆመበት ቦታ ያልገባው ቦታ ስለሆነ፣ ለምን መልሶ እንደሚያነብ ያውቃል፤ ይከፍታል፣ ያያል፣ ይዘጋል፣ ይቀጥላል። ሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ አንቀጽ ‹‹በመሆኑም››ን፣ ‹‹በአንጻሩ››ን፣ ‹‹ይሁን እንጂ››ን አጥፍተሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊውና ቦታቸውን ይፈልጉላቸው። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ያለ አያያዥ ሲያዩአቸው ዝምድናቸውን ራሳቸው ማሰብ ግድ ይሆንባቸዋል።

የእርማቱ ነገር ከባድ ነው፤ ይህን አቅልዬ አላየውም። የሦስት ክፍል ተማሪ ሙሉ ገጽ ጽፎ፣ አንቺ እያንዳንዱን የፊደል ግድፈት በቀይ እያከበብሽ መመለስ አትችይም፤ ብትችይም እንኳ ቀይ የሞላበት ደብተር የተመለሰለት ልጅ የትኛውን አስቀድሞ ማስተካከል እንዳለበት ስለማያውቅ ብዙም አይጠቀምበትም። ስለዚህ አንድ ገጽ አታስጽፊ፤ አንድ አንቀጽ ይበቃል፣ 15 ደቂቃም አይፈጅም። በየሳምንቱ የምትመለከቺውን አንድ ነገር አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ‹‹በዚህ ሳምንት የማየው ምክንያቱን መናገራችሁን ብቻ ነው›› በያቸው፤ ሌላውን በዚያ ሳምንት አትንኪው። ሁሉንም ደብተር አትሰብስቢ። ከየክፍሉ በየሳምንቱ የሁለት ቡድን ደብተር ብትወስጂ በአንድ መንፈቀ ዓመት ውስጥ ሁሉም ይደርሳቸዋል። ለቀሩት አንባቢያቸው የቡድን ጓደኛቸው ይሁን፤ ሥራውም ማረም ሳይሆን ያልገባውን መጠየቅ ይሁን። ጓደኛው ከጽሑፉ ሥር አንድ ጥያቄ ይጽፍለታል፣ ጸሐፊው አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮ ይመልሳል። ይህ በተከታታይ ምዘናው ውስጥ ነጥብ ቢኖረው ልጆቹ ከቁም ነገር ይቆጥሩታል፤ ወላጆችም ቀኑ የተጻፈበትና ጥያቄና መልስ ያለበት ደብተር ሲያዩ ‹‹ምን እየተማሩ ነው?›› የሚለው ጥያቄያቸው ይመለሳል።

ስለ ባንኩ። ሥራ መቀየር ነውር አይደለም፤ የመምህር ደመወዝ በኑሮ ውድነቱ ፊት ምን ያህል እንደሚያንስ አውቃለሁና ‹‹ሙያው ክቡር ነውና ታገሺ›› ብዬ አልሸኝሽም። ለገቢ ብለሽ የምትወስኚው ከሆነ በገቢው ዓይን መዝኚው፤ ያ ሌላ ሒሳብ ነው። የምትሄጂው ግን አልችልም ብለሽ ከሆነ፣ ይህን የደመደምሽው ማንም ስልቱን ሳያሳይሽ ብቻሽን በታገልሽበት ወቅት መሆኑን አስቢበት። ድካምና አለመቻል ከውስጥ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ማስረጃሽ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ ውሳኔውን ግን በዚህ ሳምንት አታድርጊው። ልጆቹ የጻፏቸውን አንቀጾች ከመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ጎን ለጎን አድርገሽ ካየሽ በኋላ ይሁን። የምታዝኚው በሥራው ነው ወይስ ሥራው በሚሠራበት ሁኔታ? ለዚህ ጥያቄ ዛሬ መልስ ላይኖርሽ ይችላል።

ወደ ጋሼ ስመጣ፣ ስጋታቸው ትክክለኛ ስጋት መሆኑን አስቀድመሽ ተቀበይላቸው። ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ በየደረጃው ያለ መምህር በፈተና ነገር እንቅልፍ የለውም፤ እሳቸውም የሚጨነቁት ለእነዚሁ ልጆች ነው። የሚለያያችሁ መንገዱ ነው፤ መንገዱም ቢሆን እንደሚመስለው ሩቅ ለሩቅ አይደለም። የአማርኛ ፈተና ላይ ምንባብ አለ፤ ከምንባቡ ሥር ‹‹የአንቀጹ ፍሬ ሐሳብ የትኛው ነው?››፣ ‹‹ከምንባቡ መረዳት የሚቻለው የቱን ነው?›› የሚሉ ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንቀጹ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነ በየሳምንቱ ሲከራከር የከረመ ልጅ ለዚህ ጥያቄ እየተለማመደ ነው የከረመው። አማራጮቹን ብቻ ሲለማመድ የከረመው ግን ምንባቡ ሲቀየር ይጠፋበታል።

ይህን ግን በስብሰባ ላይ፣ በሰው ፊት አታንሺባቸው። ታላቅ ናቸው፤ በሌሎች ፊት የተነሳ ሐሳብ ክርክር መስሎ ይሰማቸውና ባይቃወሙት እንኳ ላይቀበሉት ይችላሉ። የመምህራን ማረፊያ ጭር ሲል፣ ሁለት ሦስት ደብተር ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ‹‹ጋሼ፣ ልጆቹ ምንባብ ላይ የሚስቱት የትኛውን ጥያቄ እንደሆነ ስከታተል ነበር። ፍሬ ሐሳብ የሚጠይቀው ላይ ይወድቃሉ። አንድ ነገር በአንዱ ክፍል ልሞክርና እርስዎ ይዩልኝ›› በያቸው። ከዚያ ደብተሩን ስጫቸው፤ ያነቡታል፤ መምህር ደብተር ተሰጥቶት ሳያነብ አይቀርም። በአንዱ ክፍል ለአንድ ሩብ ዓመት ለመሞከር ፈቃድ ጠይቂ። ከመጀመርሽ በፊት ለሦስቱም ክፍሎች አይተውት የማያውቁት ምንባብና የምርጫ ጥያቄ ስጪ፤ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ሌላ ተመጣጣኝ ምንባብ ስጪ። ጥያቄዎቹን እሳቸው እንዲያወጡልሽ ብትለምኛቸው የበለጠ ጥሩ ነው፤ ልምዳቸውን የፈለግሽው ለማስመሰል እንዳልሆነ ያያሉ፣ ውጤቱንም ያምኑታል። በምርጫ ጥያቄ ልምምዱም ሙሉ በሙሉ አትለያዩ፤ ልጆቹ አንድ አንቀጽ አንብበው ራሳቸው የምርጫ ጥያቄ እንዲያወጡበት፣ አሳሳቹን አማራጭ ጭምር እንዲጽፉ ብታደርጊ ሁለታችሁም የምትፈልጉት በአንድ ላይ ይሠራል። አሳሳች አማራጭ ለመጻፍ ትክክለኛውን መልስ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ጓደኛ በምን ሊሳሳት እንደሚችልም ማሰብ ይጠይቃል።

እሺ ባይሉስ? ያን ጊዜም አትጋጪ። በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በየምዕራፉ የማንበብና የመጻፍ ክፍል አለ፤ በዓመታዊ ዕቅድሽ ላይም ክፍለ ጊዜው ተመድቦለታል። ያንን ክፍለ ጊዜ ኖት በማስገልበጥ ፋንታ መጽሐፉ ተዘግቶ በሚጻፍ አንድ አንቀጽ ብትጠቀሚበት ከሥርዓተ ትምህርቱ የወጣሽው ነገር የለም፣ የጋሼንም ቃል አልጣስሽም። በቀሩት ክፍለ ጊዜያት እሳቸው የሚፈልጉትን ልምምድ አሠሪ። የልጆቹን ደብተር ግን ቀን እያስጻፍሽ አስቀምጪ፤ ሩብ ዓመቱ አልቆ ውጤት ሲሞላ፣ እሳቸው ራሳቸው ‹‹ያ የምታስጽፊው ነገር እንዴት ሆነ?›› ብለው ቢጠይቁሽ አውጥተሽ የምታሳዪያቸው ይኖርሻል።